የምን ፖዘቲቭ?

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ከዘመናችን አንድ ነገር አንሥተሽ ታሪኩን ጻፊልን» ሲሉኝ፣ ስለ ዶርም ሕይወታችን ወይም ስለ አናቶሚ ክፍሉ የፎርማሊን ሽታ እንድጽፍ ጠብቀው ይሆናል። እሱን የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ የመረጥኩት አንድ ቃል ነው። ከፒሲ ዋን እስከ ኢንተርንነት ከአፋችን ያልተለየ፣ ፕሮፌሰሩም የበሩ ጥበቃም እኩል የሚያውቁት፣ ግን እያንዳንዱ በየፊናው የሚተረጉመው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ፖዘቲቭ።

ለመካኒክ የባትሪ አንዱ ጫፍ ነው። ለሒሳብ መምህር ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር ነው። በፊልም ዘመን ለነበረ ፎቶ አንሺ ከኔጌቲቩ የታጠበው ፎቶ ነው። ለደም ባንክ ባለሙያ ከኤ፣ ከቢ ወይም ከኦ ቀጥሎ የሚጻፍ ጭራ ነው። ለዛሬ ልጆች ቀና፣ ደስ የሚል ሰው ማለት ነው። ለእኛ ትውልድ ግን አንድ ነገር ብቻ ማለት ነበር። «እገሌ ፖዘቲቭ ነው አሉ» ሲባል «የምን ፖዘቲቭ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያቺ ሳትጠየቅ የቀረች ጥያቄ ናት።

(ስለ ውጭ አገር ስጽፍ ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ወደ አገራችን ስመለስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ቃሉ ከየት መጣ?

ፖዘቲቭ የእንግሊዝኛ ተወላጅ አይደለም። ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ እንግዳ ነው። የላቲኑ ሥር «ፖኔሬ» ማለት ማስቀመጥ፣ ማኖር ማለት ነው፤ ፖዚሽን የምንለውም ቃል የዚሁ ሥር ልጅ ነው። ስለዚህ ፖዘቲቭ መጀመሪያ ትርጉሙ «የተቀመጠ፣ የተደነገገ» ነበር። የሕግ ሰዎች ከተፈጥሮ ወይም ከህሊና የመጣውን ሳይሆን ሰው ደንግጎ ያስቀመጠውን ሕግ ፖዘቲቭ ሕግ ይሉት ነበር፤ ሕግ ያጠኑ ጓደኞቻችሁን ብትጠይቁ ዛሬም እንዲሁ ነው የሚሉት።

ተደንግጎ የተቀመጠ ነገር ብዙ አያከራክርምና ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ «እርግጠኛ» ተሸጋገረ። እንግሊዝኛ ተናጋሪን «እርግጠኛ ነህ?» ብትሉት እስካሁንም «ፖዘቲቭ» ብሎ በአንድ ቃል ይመልስላችኋል። ከዚያ አልፎ ስለ ራሱ አሳብ ከልክ በላይ እርግጠኛ የሆነ፣ ያለ ማስረጃ የሚደመድም ሰውም ፖዘቲቭ ተባለ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይህ የግትርነት ትርጉም ከሌሎቹ ጋር ሰፍሯል። ዛሬ የምናመሰግንበት ቃል ያኔ ለነቀፋም ያገለግል ነበር ማለት ነው።

ሳይንስም ቃሉን ለራሱ ጉዳይ ወሰደው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1747 ስለ ኤሌክትሪክ ሙከራዎቹ ሲጽፍ አንዱን ወገን ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ኔጌቲቭ ብሎ ሰየመ። ኤሌክትሪክ እንደ ፈሳሽ ነገር ነው፣ የበዛበት ወገን ፖዘቲቭ ይሁን ብሎ ነበር የገመተው። ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን ሲያገኝ ግን በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ያ ቅንጣት ኔጌቲቭ ሆኖ ተገኘ። ስሙን ለመለወጥ ጊዜው አልፎ ነበር። ስያሜው ሰው ያስቀመጠው እንጂ ተፈጥሮ የጻፈው አይደለም፤ ከላቲን ሥሩ ጋር መቼም አልተለያየም።

«ደግ፣ ብሩህ፣ ተስፋ ያለው» የሚለው ትርጉም በሰፊው የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አሜሪካዊው ሰባኪ ኖርማን ቪንሰንት ፒል በ1952 ስለ ፖዘቲቭ አስተሳሰብ ኃይል ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ትርጉም በዓለም ዙሪያ ካናኙት አንዱ ነው። ዛሬ ታክሲ ላይ «ፖዘቲቭ አስብ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ያ ወሬ እዚህ ድረስ መጣ ማለት ነው።

ወደ ላቦራቶሪ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ሐንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 ባክቴሪያን ቀለም የመቀባት ዘዴውን ይፋ አደረገ። ሐምራዊውን ቀለም የያዘው ግራም ፖዘቲቭ፣ የለቀቀው ግራም ኔጌቲቭ ተባለ። ቁስል የሚያመግለው ስታፊሎኮከስ ግራም ፖዘቲቭ ነው፤ ወተታችንን እርጎ የሚያደርጉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም ግራም ፖዘቲቭ ናቸው። ቃሉ ስለ ደግነትም ስለ ክፋትም የሚለው ነገር የለም። ላንድስታይነርና ዊነር በ1940 የገለጹትን የአርኤች ደም ዓይነትም አስቡት። እዚያ ቤት የምንጨነቀው ስለ ኔጌቲቭ እናት ነው፤ ፖዘቲቭ የሆነችውን «ምንም የለም፣ ሂጂ» ብለን እንሸኛታለን።

ቃሉ የሰው ስም መለጠፊያ የሆነው ግን በቂጥኝ ምርመራ በኩል ይመስለኛል። አውጉስት ፎን ቫሰርማን ከኒሰርና ከብሩክ ጋር በ1906 የቂጥኝን የደም ምርመራ አወጡ። የአሠራሩን ነገር በኢሚዩኖሎጂ ክፍለ ጊዜ ተምረነዋል፤ ማን እንዳልተኛ ግን እናንተው ታውቃላችሁ። ባጭሩ፦ መጨረሻ ላይ የበግ ቀይ የደም ሴል ይጨመራል። ሴሎቹ ፈንድተው ፈሳሹ ጥርት ያለ ቀይ ከሆነ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው፤ ሳይፈነዱ ከሥር ከረጉ ፖዘቲቭ ነው። እንግዲህ ምንም ነገር ያልሆነበት ቱቦ ነው ፖዘቲቭ የተባለው! ቃሉ የሚመልሰው ላቦራቶሪው የጠየቀውን ጥያቄ ብቻ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ምርመራው ፈጥኖ ከላቦራቶሪ ወጣ። በ1935 የአሜሪካዋ ኮነቲከት ግዛት ከጋብቻ በፊት የቂጥኝ የደም ምርመራን በሕግ ግድ አደረገች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። ችግሩ ያ ምርመራ ቂጥኝን ብቻ የሚይዝ አለመሆኑ ነበር። ወባ፣ የሥጋ ደዌ፣ አንዳንዴም እርግዝና ፖዘቲቭ ያደርጉት ነበር። በተለይ ሉፐስ የያዛቸው ሴቶች ሕመሙ ራሱ ከመታወቁ ከዓመታት በፊት የቂጥኝ ምርመራቸው ፖዘቲቭ ይወጣ ነበር። ኔልሰንና ሜየር በ1949 የቂጥኙን ተህዋስ ራሱን የሚጠቀም የተሻለ ምርመራ እስኪያወጡ ድረስ እነዚያ ሴቶች ያልያዛቸውን በሽታ ስም ተሸክመው፣ አንዳንዶቹም መድኃኒቱን እየወሰዱ ኖሩ። ባሎቻቸው ምን እንዳሏቸው ማሰብ አያቅትም።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ለምሳሌ ያህል ከ1000 ሰው መካከል በሽታው ያለበት 2 ሰው ብቻ ነው እንበል። ምርመራው ጤነኛውን ከ100 አንዴ ብቻ የሚሳሳት ጎበዝ ምርመራ ይሁን። ሁለቱን በትክክል ያገኛቸዋል፤ ከቀሩት 998 ደግሞ 10 ያህሉን በስሕተት ይጨምራል። 12 ሰው ፖዘቲቭ ተባለ፤ ከነዚያ ውስጥ እውነተኛው 2 ነው። በአገራችን የኤችአይቪ ምርመራ በአንድ ኪት ብቻ የማይቋጨው፣ ተጨማሪ ኪት የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

የእኛ መዝገበ ቃላት ፖዘቲቭን «አዎንታዊ» ይለዋል፤ «አዎን» ከሚለው የወጣ ነው። ለላቦራቶሪ ውጤት ከዚህ የተሻለ ትርጉም ያለ አይመስለኝም። ምርመራ ጥያቄ ነው፤ ውጤቱ አዎን ወይም አይደለም ነው። ጥያቄው ያልተነገረው ሰው ግን አዎን ብቻ ቢነገረው ምን ሰማ ይባላል?

ቃሉ አገራችን ሲገባ

ኤችአይቪ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ገደማ በተወሰደ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን አዲስ አበባ ውስጥ በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። አሜሪካ የደም መመርመሪያውን የፈቀደችው በመጋቢት 1985 ነበርና በሽታውና ምርመራው ወደኛ የመጡት ተከታትለው ነው ማለት ይቻላል። የአገሪቱ የኤችአይቪ ፖሊሲ በ1990 ዓ.ም. ወጣ። መድኃኒቱ በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ በጥር 1997 ዓ.ም. ደግሞ በነጻ መሰጠት ጀመረ።

በነዚያ ዓመታት መሐል አማርኛው ተቸገረ። ሰዉ የበሽታውን ስም መጥራት ፈርቶ «ያ በሽታ»፣ «የዘመኑ በሽታ» ይል ነበር። ለቅሶ ቤት «ሳምባ ነው»፣ «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የመንግሥትና የሬዲዮ አማርኛ በበኩሉ በጥንቃቄ የተሠራ፣ የሚያስመሰግን ሐረግ አወጣ፦ «ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖች»። ሐረጉ ሰውን ያከብራል። ግን ረጅም ነው፤ በር ላይ ቆሞ ለጎረቤት የሚነገር አይደለም። ባዶውን ቦታ «ፖዘቲቭ» ሞላው። አጭር ነው፤ የባዕድ ቃል ስለሆነም አፍ ላይ አይከብድም። «ፖዘቲቭ ነች» ሲባል ቫይረስም፣ ደምም፣ በሽታም አልተጠራም። የተጠራችው ሴትየዋ ብቻ ናት። እንግሊዝኛው ቅጽል ነበር፤ እኛ ጋ የሰው ስም ሆነ።

ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት መጠየቅ ሲጀምሩ ደግሞ የኮነቲከት ነገር እኛም ቤት ገባ። ስንት ሠርግ በአንድ ቃል እንደፈረሰ በየሰፈራችሁ የምታውቁት ነው።

እኛ ዎርድ የገባነው እዚህ ላይ ነው። ራውንድ በእንግሊዝኛ ነበር፤ በሽተኛው አልጋው ላይ ተኝቶ ስለ ራሱ የሚባለውን በማያውቀው ቋንቋ ይሰማል። ከሚባለው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቃል ብቻ ናት። በኢንተርንነቴ ጊዜ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የገጠመኝን ልንገራችሁ። ከገጠር የመጣ፣ ለወራት ሲያስል የከረመ ገበሬ ነበር። የአክታው ውጤት መጣና ሬዚደንቱ እራሱ አልጋ አጠገብ ቆሞ «ስሚር ፖዘቲቭ» አለ። ለእኛ የምሥራች ነበር። ሳምንታት የፈለግነው ቲቢ ተገኘ፤ የስምንት ወር መድኃኒት ወስዶ ይድናል። ገበሬው የሰማው ግን ሌላ ነው። ማታውኑ አጠገቡ ለነበረው ልጁ በሬዎቹን ለማን እንደሚያወርስ ነገረው፤ ሊነጋ ሲል ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ወደ መናኸሪያ ሮጣ የመለሰችው የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ናት። «አባቴ፣ ያ አይደለም፣ ነቀርሳ ነው፣ የሚድን ነው» ብላ፣ እኛ አምስት ሆነን ያልነገርነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችው። የኤችአይቪ ምርመራው በኋላ ነጻ ወጣ። «ኔጌቲቭ ነህ» ሲባል ደግሞ «እሱስ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ጠየቀ። ከጠየቁት ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ የእሱ ነበር።

የሐኪም አራዳ ቋንቋ

እኛም ቃሉን እንፈራው ስለነበር የራሳችንን አራዳ ቋንቋ ፈጠርን። ላቦራቶሪው «ሪአክቲቭ» ይል ነበር። ካርድ ላይ «አርቪአይ» ብለን እንጽፋለን፤ ስናወራ «ሬትሮ» እንላለን። ምሥጢር ለመጠበቅ ነበር፤ የእውነት ነበር። ግን ምሥጢሩ ስንት ወር ቆየ? ለክትትል የሚመላለሱ እናቶች ከእኛ ከኢንተርኖቹ ቀድመው «አርቪአይ» ማለት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ፍርሃቱ ካልተነካ አዲሱ ቃልም ዞሮ ዞሮ ያንኑ ፍርሃት ይለብሳል።

ፍርሃቱ እኛንም አልማረንም። ሌሊት በተረኝነት መርፌ የወጋው ኢንተርን ምን እንደሚሆን ታስታውሳላችሁ። የ28 ቀን መድኃኒት፣ ማቅለሽለሹ፣ ከዚያ የስድስት ሳምንት፣ የሦስት ወር፣ የስድስት ወር ምርመራ። በነዚያ ስድስት ወራት «ፖዘቲቭ» የካርድ ላይ ቃል መሆኑ ይቀርና የራሳችን ጉዳይ ይሆናል። ዶርም ውስጥ ጓደኛዋን ሌሊት ሙሉ ስታጽናና ያደረች ልጅ ከመካከላችን አለች፤ ስሟን አልጠራም፣ ራሷ ታውቃለች።

ቃሉን ከፍርሃት ያወጡት ሐኪሞች አይደሉም። ባለቤቶቹ ናቸው። በ1983 በዴንቨር ከተማ ተሰብስበው የነበሩ የኤድስ ሕሙማን «ሰለባ አትበሉን፤ ኤድስ ያለብን ሰዎች ነን» የሚል የአቋም መግለጫ አወጡ። በ1994 ሾን ስትረብ አሜሪካ ውስጥ አንድ መጽሔት ሲመሠርት ስሙን «ፖዝ» አለው። ፖዝ የፖዘቲቭ የመንገድ ቁራጭ ናት፤ የሚሸሹበትን ቃል አሳጥረው በመጽሔት ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉት። እኛም አገር በ1990 ዓ.ም. አካባቢ እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ያሉ ማኅበራት ተቋቁመው፣ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች በአደባባይ ፊታቸውን እያሳዩ መናገር ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ያ ድፍረት ቤት፣ ሥራና ዘመድ ሊያሳጣ ይችል ነበር። «አዎ፣ ፖዘቲቭ ነኝ» ሲሉ የመጀመሪያውን የቃሉን ትርጉም መለሱለት፦ እውነቱን አስቀመጡት።

ሳይንሱም ቃሉን አላላው። በ1997 ዓ.ም. የነበረው ፖዘቲቭና የዛሬው አንድ አይደሉም። በ2011 ይፋ የሆነው ኤችፒቲኤን 052 የተባለ ጥናት ሕክምና ቶሎ መጀመር ቫይረሱ ወደ ትዳር አጋር የመተላለፉን ዕድል በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ «ያልታየ ቫይረስ አይተላለፍም» የሚለው ዘመቻ ተስፋፋ፤ መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ የሆነ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ያ ሰው ግን የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ቢደረግለት እስከ ዕድሜው መጨረሻ ፖዘቲቭ ነው። ምርመራው የሚያየው የሰውነቱን ወታደሮች እንጂ ጠላቱን አይደለምና።

እኔ የሕፃናት ሐኪም ስለሆንኩ በየሳምንቱ የማየው ምሳሌ ሌላ ነው። ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን የእናቱን ፀረ እንግዳ አካላት በማሕፀን ሳለ ይወርሳል። እስከ 18 ወር ድረስ ተራው ምርመራ ፖዘቲቭ ሊለው ይችላል፤ ልጁ ግን ምንም ላይኖርበት ይችላል። ለዚህ ነው ከተረከዙ ጠብታ ደም በወረቀት ወስደን የቫይረሱን ዘር ራሱን የምንፈልገው። ያ «ፖዘቲቭ» የልጁ አይደለም፤ እናቱ ያለበሰችው ነው። ይህን ቁጭ ብዬ ያስረዳኋት እናት የምትወጣበት ፊትና ወረቀቱን ብቻ ይዛ የምትወጣ እናት ፊት አንድ አይደለም።

የዛሬው ትርጉም

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ቃሉ እንደገና ባለቤት ቀየረ። በየቀኑ የተመረመረው፣ ፖዘቲቭ የሆነው ቁጥር ይነበብ ጀመር። መጀመሪያ ጎረቤት በር ይዘጋ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ሰዉ «ፖዘቲቭ ሆንኩ፣ ጸልዩልኝ» እያለ ፌስቡክ ላይ ይለጥፍ ጀመር። በቅርቡ ደግሞ የእህቴ ልጅ ስለ አዲሷ መምህሯ ስታወራ «አክስቴ፣ ስታያት በጣም ፖዘቲቭ ናት» አለችኝ። እኔ ድምፄን ቀንሼ «ማን ነገረሽ?» አልኳት። ልጅቷ ግራ ገባት። መምህሯ ፈገግተኛ ናት ማለቷ ነበር።

ሳቅን። ግን ደስም አለኝ። እኛ በሹክሹክታ የምንለው ቃል ለዚህች ልጅ ምንም አያስፈራም። መልካም ነው። ሆኖም ሥራችን አላለቀም፤ የእሷ አያቶች ዕድሜ ያሉ ሰዎች ዛሬም አልጋ ላይ ተኝተው ራውንድ ይሰማሉ። የሄሊኮባክተር፣ የሄፓታይተስ፣ የእርግዝና፣ የአክታ ውጤት ሁሉ በዚያው ቃል ይነገራቸዋል።

የባቻችን ልጆች፣ ዛሬ ብዙዎቻችን አስተማሪዎች ነን፤ ገሚሶቻችን በውጭ፣ ገሚሶቻችን እዚሁ። ራውንድ የምንመራው እኛ ነን። ተማሪው «ፖዘቲቭ» ብሎ ሲያቆም «የምን? እሱንስ ለበሽተኛው በምን ቋንቋ ነገርከው?» ብለን እንጠይቅ። «አክታዎ ላይ የነቀርሳ ተህዋስ አግኝተናል፤ መድኃኒት አለው፣ ይድናል» ለማለት ከአሥር ሴኮንድ በላይ አይፈጅም። በእነዚያ አሥር ሴኮንዶች ሰው መናኸሪያ ከመሄድ ይተርፋል።

በመገናኛችን ቀን ደግሞ ማንም መጥቶ «አሁንም ፖዘቲቭ ነሽ» ቢለኝ፣ ከማመስገኔ በፊት የምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቅር እንዳይላችሁ።